በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርቃል

ኸድር ሞቶ የተገኘው በገዛ ዱካኑ፣ በሚሸጣቸው የቀለም ጣሳዎች መካከል ነው። ራሱ ከኋላ ተፈንክቷል። የሱዳኗ የዶካ ከተማ ሰው ገና የጧት ሻዩን ሳይጨርስ ፖሊስ ባንታምላክን ይዞ አሰረው። የልጁ እጅ እስከ ክርኑ አረንጓዴ ቀለም ነበር፤ ትናንት ደግሞ ገበያ መሐል ከኸድር ጋር ተጣልቷል።

እናቱ እናኑ ነጠላዋን መሬት እየጎተተች ሳጅን ትሁት ደጅ ደረሰች። ትሁት መተማ ላይ የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ ጦርነቱ ዶካ ካደረሳት ወዲህ፣ ጉዳዩ የአማርኛ ተናጋሪዎች ሲሆን የፖሊሱ አለቃ አደም እሷን ያስጠራታል።

«እታለም፣ ድረሽልኝ! ዛሬውኑ ወደ ገዳሪፍ ወህኒ ሊወስዱብኝ ነው።»

«ትናንት ምን ብሎ ነው የዛተበት?»

እናኑ አንገቷን ደፋች። «"ቀለምህን አጠጣሃለሁ" አለው። ጣሪያችንን ቀብተን ነበር። ጣሳው "በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርቃል፣ ጠብታ አያሳልፍም" ይላል። የት ደርቆ! ዝናቡ ከነቀለሙ የታመመች ልጄ ላይ ወረደ። እጁንም ያቆሸሸው ጣሪያውን ሲፍቅ ነው። ቀለሙ ከተቀባ ከሰነበተም ወዲህ እኮ የነካውን ሁሉ ይይዛል!»

«ይይዛል?» አለች ትሁት። «ነይ፣ ተከተይኝ።»

ዱካኑ ውስጥ የጆንያ ክምር ግድግዳውን ተደግፏል። ትሁት ጆንያውን ብትስበው አልለቅ አለ። ሲላቀቅ አረንጓዴ ቀለም ታየ፤ የጆንያው ክር ተለጥፎበታል። በጣቷ ጠረገችው። ከአረንጓዴው ሥር ቀይ ወጣ።

እናኑ አማተበች። ከግድግዳው ሥር የፈሰሰውን ቀለም አንድ ጫማ ረግጦት አልፏል።

የሟች ሚስት ሳብሪን ዓይኗ አብጦ ነበር። «ባሌ ስሞታ ሲሰማ ነበር የሚውለው። ሴቱ ሁሉ እቤቴ ድረስ እየመጣ ይረግመናል። እኔስ ማድቤቴን ቀብቼ ቀሚሴን አላበላሸሁም? አርብ ከሶላት በኋላ መስጊድ ደጅ ቆሞ "ቀለሙ ውሸት ነው፣ አትግዙ" ሊል ነበር።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔና ወንድሙ ኢሀብ።»

ኢሀብ ቀለሙን ከገዳሪፍ በሎሪ የሚያመጣው ነው። «ወላሂ፣ ዛሬ ጧት ነው የገባሁት። ዱካኑን አልረገጥኩም» አለ። «ቀለሙም ምን ይወጣለታል! ሰው መቀባት አያውቅም።»

«አንተ ቀብተህ አይተኸዋል?»

«እኔ ነጋዴ ነኝ እንጂ ቀቢ ነኝ?»

ከሰዓት በኋላ ትሁት ሁሉንም በሟች ግቢ ጥላ ሥር ሰበሰበች። ባንታምላክ እጁን ታስሮ ከአደም አጠገብ ቆመ። መሐል ላይ አረንጓዴ የተቀባ አግዳሚ ነበር።

«ተቀመጡ እንጂ» አለች ትሁት። «ጧት ነው የቀባሁት።»

እናኑ ወደ ኋላ አለች። ሳብሪንም አግዳሚውን አይታ፣ «ይህ መቼ ደርቆ ያውቃል!» ብላ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ኢሀብ ግን ጀለቢያውን ሰብስቦ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለ። ወዲያው ብድግ ሊል ሲሞክር ልብሱ ተጣብቆ ያዘው።

«ገዳዩ ግድግዳው ላይ የረጨውን ደም በቀለም ሸፈነው» አለች ትሁት ዝግ ብላ። «ጣሳው እንደሚለው ደርቋል ብሎ ጆንያ ደገፈበት። ባንታምላክ ይህን ያደርጋል? ቀለሙ አይደርቅም ብሎ ገበያውን ያናወጠው እሱ አይደለም? ሳብሪንንም ቀሚሷ አስተምሯታል። ጣሳውን የሚያምን አንድ ሰው ቀረ። ኢሀብ፣ ጫማህን ገልብጠው።»

ሶሉ አረንጓዴ ነበር፤ የጆንያ ክር ተጣብቆበታል።

«ከ... ከአግዳሚው ነው!»

«አግዳሚው ላይ የተቀመጥከው በጫማህ ነው እንዴ?»

ኢሀብ ጫማውን ከእጁ ጣለው። «ሎሪ ሙሉ ጣሳ መንገድ ላይ ነው። ተው ብዬ ለመንኩት። "ሰው አላታልልም" አለኝ። ጀርባውን ሲሰጠኝ...»

«በጣሳ ለወጥከው?» አለች ሳብሪን። «የእናትህን ልጅ?»

አደም የባንታምላክን እጅ ፈትቶ ካቴናውን ኢሀብ እጅ ላይ አደረገው። እናኑ የልጇን ቀለም የነካ እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ ቀለሙ እሷም ላይ ተላለፈ፤ አልለቀቀችውም።

ሲመሽ ዝናቡ መጣ፤ ጣሪያውም እንደ ልማዱ አፈሰሰ። ባንታምላክ ሊነሳ ሲል እናኑ ባዶውን የቀለም ጣሳ ጠብታው ሥር አስጠጋችው።

«ተቀመጥ ልጄ፤ ይፍሰስ። አንተ ቤት ገብተሃል።»