በድንጋይ የምትቆም መኪና

ነጋሲ መርሳ ከተማ፣ በገዛ ደጁ፣ በገዛ መኪናው ሥር ሞቶ ተገኘ። ነጯ የቤት መኪና ቁልቁለቱን ወደ ኋላ ተንሸራታ ግንቡ ላይ ተለጥፋለች። ኢንስፔክተር አሰለፈች ከወልዲያ ስትደርስ መካኒኩ ጀብሪል ታስሯል፤ የሟች ወንድም ሸሻይ «ገዳዩ እሱ ነው!» እያለ ይጮሃል።

«በምን ገደለው?» አለች።

«ድንጋዩን አንስቶ! የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ሦስት ዓመቱ፤ ያለ ድንጋይ አትቆምም። ጠዋት በመኪናዋ ነገር ተጣልተዋል።»

የሟች ሚስት ማና ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «እህቴ፣ መኪናዋ እዚሁ አገር ነው የተገጣጠመችው። ሲሪንቃ በይው ግራና፣ ሙሽራ ያላደረሰችበት መንደር የለም። ፋብሪካው ሲዘጋ መለዋወጫውም አብሮ ተቀበረ። ነጋሲ ግን ልጆቹን ከሐኪም ቤት ያመጣባት ናትና አልጥላትም አለ።»

«ዛሬ ድንጋዩን ማን አደረገ?»

«እኔው። ከገበያ ስንመለስ ወርጄ ከኋላ ጎማ ሥር አስገባሁ። እሱ ማርሽ አስገብቶ አጠፋት። ምሳ በላን፤ ከዚያ ሊነካካት ሥሯ ገባ።»

ጀብሪል ከታሰረበት አንገቱን ደፍቶ መለሰ። «የማርሿን ዘንግ በሽቦ ነው ያሰርኩለት። እንዳትነካው፣ ከለቀቀ ትሄዳለች አልኩት። ድንጋይ አላት ብሎ ሳቀብኝ። እትዬ፣ እሱን ገድዬ ማንን ልጠግን? እንዲህ ያለች መኪና የቀረችኝ አንዷ እሷ ናት!»

አሰለፈች ወደ ደጁ ተመለሰች። ማርሹ ለቋል። ድንጋዩ የጎማ ጥቁረት እንዳለበት ማዶ ቦዩ ዳር ተቀምጧል። አጠገቡ፣ ያደረው ጭቃ ላይ፣ ክብ የምርኩዝ ቀዳዳ አለ። እስከ መስጊዱ ወረደች። አምስት ድንጋይ ቆጠረች፤ ሁሉም ቦዩ ዳር፣ ሁሉም አጠገብ ያው ቀዳዳ።

ፖሊስ ጣቢያ ሁሉንም ሰበሰበች። የጀብሪል አባት ሼህ ኡበይደላም ልጃቸውን ሊያስፈቱ ምርኩዛቸውን ይዘው መጥተዋል።

«ሊገድል ያነሳ ይወረውራል» አለች አሰለፈች። «ይሄ ግን በወግ ተቀምጧል። ከመስጊዱ ጀምሮም አምስት እንዲሁ ተነስተዋል። ነጋሲ ምሳ ላይ ሳለ ድንጋዩ ሄደ፤ መኪናዋን የያዛት ማርሹ ብቻ ነበር። እሱ ድንጋዩ አለ ብሎ ከፊት በኩል ገባ። ዘንጉን ሲነካው ማርሹ ለቀቀ።»

«ማነው ያነሳው?» አለ ሸሻይ።

ጀብሪል የአባቱን ምርኩዝ አየና ብድግ አለ። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያነሳሁት!»

«ዘግይተሃል፣ ልጄ፤ የምርኩዙን ቀዳዳ አይቻለሁ» አለችው። ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ፣ ዛሬ ለዙህር ሶላት ሲሄዱ በየት አለፉ?»

«በነጋሲ ደጅ ነዋ! ሾፌር ድንጋዩን መንገድ ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ ሰው ይደናቀፍበታል። ከመንገድ እንቅፋት ማንሳት ሰደቃ ነው። ዓይኔ ቢደክምም እግሬ ሲነካው በምርኩዜ ፈንቅዬ...»

«አባ፣ ዝም ይበሉ!» አለ ጀብሪል።

«አጠገቡ ነጭ ነገር ነበረ... ግንቡ መስሎኝ... ያ ረቢ!»

ማና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። አሰለፈች ብዕሯን አንስታ መልሳ አስቀመጠች። ጀብሪልን ፈታችው። ሽማግሌውን «ነገ ቃልዎን ይሰጣሉ» አለቻቸው።

አባትና ልጅ ወጡ። በሩ ላይ የሼሁ እግር ድንጋይ ነካ። ቆሙ። ምርኩዛቸውን ዘርግተው ዳሰሱት።

«ላንሳው?» አሉ።