ረድኤት የወደቀችበት ድንጋይ

የቡና ማጠቢያ ባለቤቱ ዓለምሰገድ ከጤፒ ወጣ ብሎ ባለው ማጠቢያው ሥር፣ ወንዙ ዳር ካለው ሰፊ ድንጋይ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱ ላይ የስኒ አፍ የሚያህል ክብ ቁስል ነበረው። ኢንስፔክተር ለተብርሃን ከሚዛን ተፈሪ ስትደርስ ፖሊሶቹ ጉዳዩን ጨርሰው ጠበቋት፤ ወይ አንሸራቶት ነው፣ ወይ ሔዋን ገድላዋለች።

ሔዋን የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ዋቅላሚን፣ ያንን ውሃ ውስጥና ድንጋይ ላይ የሚበቅል አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር፣ ታጠናለች። በሞቱ ዋዜማ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ «የሥራህን ሳላሰጥህ ብቀር!» ብላ ዝታበት ነበር።

ለተብርሃን መጀመሪያ ያነጋገረችው እሸት ቡና መዛኙን፣ ጋሽ ወልደአማኑኤልን ነው።

«እዚህ አፋፉ ላይ፣ ከሚዛኔ አጠገብ ሆኜ አየሁት» አሉ። «ማለዳ ሊታጠብ ወረደ፤ አረንጓዴው አንሸራተተውና ተዘረረ። መምህርቷ የለችበትም።»

«ልጅዎም እዚያው ነው አንሸራቷት የወደቀችው አሉ።»

«ረድኤቴ! ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። በዝናብ ‹የውሃ መሳቢያውን ጥረጊ› ብሎ ያወረዳት እሱ ነው። ለቅሶ ላይ መጥቶ ‹ዓይኗ የት ነበር?› አለኝ።» ይህን ሲሉ ፈገግ አሉ። ፈገግታው ለተብርሃንን አልጣማትም።

ጥበቃው ቲቶ ከንፈሩን መጠጠ። «ከቀብሯ ወዲህ ቁልቁለቱን ረግጠውት አያውቁም። የእጅ መታጠቢያ እንኳ እኔ ነኝ የምቀዳላቸው። ምን ላድርግ፣ አባቴን ያህላሉ።»

ለተብርሃን ሶሉ ባለቀ ጫማ ወደ ድንጋዩ ወረደች። ወዲያና ወዲህ ተራመደችበት፤ አላንሸራተታትም። ሔዋን ተከትላት ወረደች።

«እዚህ ላይ ዋቅላሚ የለም» አለች ሔዋን። «ዓለምሰገድ አዲሱን የገንዳ ማጽጃ ኬሚካል ወደ ወንዙ መልቀቅ ከጀመረ ስምንት ወሩ ነው። በሁለተኛው ወር ሁሉም ነጥቶ አለቀ። የተጣላነውም በዚሁ ነው።»

«‹አንሸራቶት ነው› ብትዪ እኮ ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

«አውቃለሁ። ግን ውሸት ነው። ፍርድ ቤት ቆሞ ሲዋረድ ላየው ነበር የፈለግሁት፤ ሞቶ ምን ያደርግልኛል?»

ለተብርሃን ሦስቱንም ሚዛኑ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ፣ ዓለምሰገድ አንሸራቶት የሞተ እንዲመስል ፈልጓል» አለች። «ሔዋን ብትሆን ይህን አትመርጥም፤ ድንጋዩ መራቆቱን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ቲቶም በየቀኑ ቆሞበት ውሃ ይቀዳል። ይህን ውሸት የሚያምነው ድንጋዩን አረንጓዴ ሳለ አይቶ ከዚያ ወዲህ ያልወረደ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ ‹አረንጓዴው አንሸራተተው› ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«እርጅና ነው፤ ዓይኔ...»

«ዓይንዎን እንተወው።» ከሚዛኑ ላይ ክብ ብረት አነሳች። «ሌሎቹ የሚዛን ብረቶች የቡና ጭማቂ ደርቆባቸዋል፤ ይሄ ብቻ ታጥቧል። ስፋቱም የቁስሉ ልክ ነው። እዚሁ መቱት፤ ከአፋፉ ላይ ወደ ድንጋዩ ለቀቁት። እርስዎ ግን አልወረዱም።»

ሽማግሌው ቁልቁል ወደ ድንጋዩ አዩ።

«ልጄን የበላ ድንጋይ እሱንም ይብላው ብዬ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ሁሉ ‹ዓይኑ የት ነበር?› እንዲልለት።»

«ልጅዎን የጣላትን ዋቅላሚ እኮ ራሱ ዓለምሰገድ ቀድሞ ገድሎት ነበር።»

ሳይታሰሩ በፊት አንዴ ልውረድ ብለው ለመኗት፤ ፈቀደችላቸው። ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ድንጋዩ ላይ ቆሙ። በተረከዛቸው ገፉት፤ ደግመው ረገጡት፤ እንዲጥላቸው ጠበቁ።

ድንጋዩ አጥብቆ ያዛቸው።