የጋሽ ገብረወልድ ባትሪ በኤረር መንገድ

የሁርሶ ኬላ ወታደር ብስክሌቷን ሁለቴ ዞሯት። ከኮርቻው ሥር የመኪና ባትሪ፣ ከባትሪው ዲናሞ፣ ከዲናሞው ደግሞ የሽቦ ጉድ ይወርዳል።

«ጓድ፣ ይሄ ምንድነው? ፈንጂ እንዳይሆን!»

«እግሬ ነው ልጄ» አሉት ጋሽ ገብረወልድ።

ወታደሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ የይለፍ ወረቀታቸውን መለሰላቸው። «ተራራው ጠቁሯል። ጎርፍ ሳይቀድማችሁ ወንዙን ተሻገሩ።»

ሦስት ነበሩ። የቀሩት የብስክሌት ክበቡ አባላት እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ይዟቸው ድሬዳዋ ቀርተዋል። ክበቡን ያቋቋሙት ጋሽ ገብረወልድ፣ የእህታቸው ልጅ ማዘንጊያ፣ እና የመጋላው ኤሌክትሪሺያን አብዲራህማን ከከዚራ ሰፈር ማልደው የወጡት ኤረር ፍል ውሃ ሊደርሱ ነው። ክበቡ አንድ ሕግ አለው፦ ደካማው ከፊት ይነዳል፤ ሌላው በእሱ ልክ ይከተላል፤ ማንም አይቀድመውም። በረሃ ላይ ሰው ተንጠባጥቦ እንዳይቀር ብለው ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ጋሽ ገብረወልድ ናቸው። ታዲያ ካቻምና ሕመም ግራ እግራቸውን አሰነፈውና የፊቱ ቦታ የራሳቸው ሆነ። ምን ያህል እንደከነከናቸው እግዜር ይወቀው! አብዲራህማን አዘነና ከወዳደቀ የጭነት መኪና ዕቃ ይህችን ጉደኛ ሠራላቸው። ጉልበት መጣ፤ እሳቸውን ግን ከፊት ማን ያንሳቸው?

ደረቁን ወንዝ ተሻገሩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማለች፤ ግራና ቀኙ እሾህና የጋለ ድንጋይ ነው። ጋሽ ገብረወልድ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው እያፏጩ ከነፉ። ንፋሱ ፊታቸውን ሲመታቸው የሃያ ዓመት ጎረምሳ የሆኑ መሰላቸው።

ድንገት አንዲት ከርከሮ ግልገሎቿን አስከትላ ከቁጥቋጦው ፈነዳች። ፍሬን ያዙ። ብስክሌቷ ግን ባትሪ ተሸክማ እንደ ድሮው ትቆማለች? ተንሸራተተች፣ ተንገዳገደች፣ እሳቸውም በደህናው እግራቸው መሬቱን እየጫሩ ከከርከሮዋ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሙ። እንስሳዋ ጥርሷን አሳይታቸው ወደ እሾሁ ገባች።

«አያችሁልኝ!» ብለው እየሳቁ ዞሩ።

ከኋላቸው ማንም የለም። መንገዱ ባዶ ነው።

ሳቃቸው አፋቸው ላይ ደረቀ። መሪውን ጠምዝዘው ተመለሱ። ብዙ ከነዱ በኋላ አንድ ቁጥቋጦ ሥር ማዘንጊያ ተዘርራ አገኟት። ፊቷ ፍም መስሏል፤ ላብ የሚባል የላትም። አብዲራህማን በሸሚዙ እያራገበላት ነው።

«ውሃ ስጣት እንጂ! የእኔ ኮዳ ባዶ ነው።»

«አለቀ አቦ! የመጨረሻውን ጭንቅላቷ ላይ አፈሰስኩት።»

«ለምን አልጠራችሁኝም?»

አብዲራህማን ለትልቅም ለትንሽም «አንተ» ባይ የድሬ ልጅ ነው፤ የልቡን ለመናገር ሰው አይፈራም። አሁን ግን አንገቱን ደፋ። «ስታፏጭ ሰማንሃ ጋሼ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስታፏጭ ሰምተንህ አናውቅም። እሷም ተወው፣ ደስ ይበለው አለች።»

ጋሽ ገብረወልድ የልጅቷን የጋለ ግንባር ዳሰሱ። ለማልቀስ ግን ጊዜ አልነበረም፤ ተራራው ላይ ነጎድጓዱ ጀምሯል። ወንዙ ከሞላ ከሐኪም ተቆርጠው ሊቀሩ ነው።

«በባትሪዋ ብስክሌት ጫናትና ወደ ሁርሶ ብረር!»

«አንተስ?»

«የሷ ብስክሌት አለ አይደል? ሂድ አልኩህ!»

አብዲራህማን የራሱን ብስክሌት እዚያው ትቶ፣ ማዘንጊያን ከኋላው አስቀምጦ በነጠላዋ ከወገቡ ጋር አሰራትና ተፈተለከ። ጋሽ ገብረወልድ ሰነፉን እግራቸውን በፎጣቸው ከፔዳሉ ጋር ጠፍረው በአንድ እግር ገፉ። ጉሮሯቸው ተሰነጠቀ፤ ጭናቸው ተንቀጠቀጠ። በዚች ጠራራ እሷ እሳቸውን ስትከተል ምን እንዳየች በየፔዳሉ ገባቸው።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ባትሪዋ ብስክሌት አሸዋው መሀል ቀጥ ብላለች። አብዲራህማን ማዘንጊያን ተሸክሞ ወዲያ ማዶ እየወጣ ነው። ከላይ በኩል ምድር የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ መጣ።

«ብስክሌቷን ጣላት ጋሼ! ሩጥ!»

ፎጣውን ፈተው፣ ብስክሌቷን ጥለው፣ እያነከሱ ሮጡ። ግንድና ድንጋይ የሚያንከባልለው ደፍራሽ ውሃ ጉልበታቸውን ሲመታቸው አብዲራህማን ኮሌታቸውን ጨምድዶ ዳር ላይ ጣላቸው። ሁለቱም ብስክሌቶች ዓይናቸው እያየ ሄዱ። የኬላው ወታደሮች ጩኸታቸውን ሰምተው በመኪና ደረሱላቸው።

ማዘንጊያ ሁርሶ ክሊኒክ ውስጥ፣ ጉሉኮስ ክንዷ ላይ ተሰክቶላት፣ አመሻሽ ላይ ዓይኗን ገለጠች።

«ጋሼ… ኤረር ደረስን?»

«አልደረስንም ልጄ። ብስክሌቶቹንም ጎርፍ ወሰዳቸው።»

«እንኳንም ወሰዳቸው» አለች በደረቀ ከንፈሯ። «በእኔዋ እርስዎን መከተል ጭንቅ ነበር።»

አብዲራህማን ሳቀ። ጋሽ ገብረወልድ ግን አልሳቁም። «ሌላ ሥራልኝ አብዲ» አሉ። «ከእንግዲህ ግን ከኋላችሁ ነኝ።»

«ሕጉስ ጋሼ?»

«ሕጉ ምን አጠፋ? ደካማ አይደለሁም።»

ከታመሙ ወዲህ ይህችን ቃል ለመናገር ያልተመኙበት ቀን አልነበረም። አሁን ሲናገሯት ግን እንባቸው ቀደማቸውና የልጅቷን እጅ ይዘው አንገታቸውን ደፉ።