ያልፈለሱት ቀናት

እልፍነሽ እንደ ወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፣ ሻይ ጣደች፣ ለኮምፒውተሩም ሁለት ጣሳ ውሃ አጠጣች። ቤቷ በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ከተንሳፈፉት መቶ ቤቶች አንዱ ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ወለሉ ትንሽ ይወዛወዛል። ቅጠሎቹን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች። ሁለቱ ጠውልገዋል።

«በቃ፣ ዛሬ ነው» አለች።

እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር ሰው ሁሉ ሥረ-ማህደር ይለዋል፤ የሰጡትን ድምፅ፣ ምስልና ጽሑፍ በሥሩ ውስጥ የሚያኖር ተክል ነው። ሃያ ዓመት ያህል ኖሮ ሲያረጅ አጠገቡ አዲስ ይተከልና ፋይሎቹ ከአሮጌው ሥር ወደ አዲሱ ይፈልሳሉ። እልፍነሽ ለዚህ ቀን አንድ ወር ሙሉ ስትዘጋጅ ቆይታለች። የተደጋገሙትን ደመሰሰች፤ የቀሩትን በየዓመቱና በየወሩ ደረደረች። ማሽኑ በራሱ አቆጣጠር የሰጣቸውን ቀን ሳይቀር አንድ በአንድ በእጇ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለወጠችው። መጠባበቂያ ቅጂም በትንሽ ማሰሮ በተተከለ ሌላ ሥር ውስጥ አስቀመጠች።

የሰፈሩ የማፍለስ ባለሙያ ሳምራዊት አንድ ሰዓት ላይ መጥታ ሁለቱን ሥሮች አገናኘች።

«እትዬ እልፍነሽ፣ እንዲህ የተደረደረ ማህደር አይቼ አላውቅም። የእኔን ቢያዩ ይሸሻሉ።»

«ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ እኮ። የተዘበራረቀ ነገር ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ሦስት ሰዓት ሲሆን አዲሱ ማህደር ተናገረ፦ «ማፍለሱ ተጠናቋል። የተበላሹ ሠላሳ ስድስት ፋይሎች ተትተዋል። ሌላ የጎደለ የለም።»

ሳምራዊት ዝርዝሩን ጠየቀች፤ አነበበች፤ ደግማ አነበበች።

«ሁሉም የጳጉሜን ናቸው» አለች። «ይኼ አዲስ ዝርያ የተዳቀለው ውጭ አገር ነው፤ ወር ሲባል የሚያውቀው አሥራ ሁለት ብቻ ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲያጋጥመው ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል። ሌላው ሰው ቀኑን ለማሽኑ ስለሚተወው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።»

«እኔ ነኛ የለወጥኩት» አለች እልፍነሽ። «መጠባበቂያውስ?»

«እሱም ከዚሁ ከአዲሱ ዝርያ ነው፤ አልተቀበላቸውም።»

እልፍነሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሠላሳ ስድስቱም የመኩሪያ ነበሩ። መኩሪያ ባሏ ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት ዐርፏል። የሐይቁን ከፍታ የሚለካ ሰው ስለነበር ዓመቱን ሙሉ በጀልባ ላይ ነው የሚውለው፤ በጳጉሜን ግን ቤት ይቀመጣል። ያኔ በየቀኑ ለማህደሩ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይናገራል፤ በዓመቱ ምን እንደተሰበረ፣ ምን እንደተጠገነ፣ ማን እንደመጣ። ሰባት ዓመት እንዲህ አድርጓል። ከሞተ ወዲህ አንዴም አልሰማቻቸውም፤ መኖራቸው ይበቃት ነበር።

«አሮጌው ከፈለሰ በኋላ አይታረምም» አለች ሳምራዊት። «ማንበብ ግን ይችላል። ድምፁን ያሰማናል፤ አዲሱ ሰምቶ በዛሬ ቀን ይመዘግበዋል። ችግሩ፣ ከሰው ንግግር ፈጥኖ አይሄድም። ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የአሮጌው ሥር ደግሞ ቀትር ላይ ይደርቃል።»

«ሦስት ሰዓት ብቻ ነው ያለን ማለት ነው።»

«ግማሹን ይምረጡ፣ እትዬ።»

እልፍነሽ ዝርዝሩን ተቀብላ አየችው። ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ከቁጥር ውስጥ የቱን ባል ትተዋለች?

«የመጀመሪያውን ጀምሪው» አለች። «መምረጥ አልችልም።»

ጎረቤቷ ዘሃራ በመስኮት አንገቷን ያስገባችው ያን ጊዜ ነው።

«ምን ሆናችሁ ነው ቤቱ ጭር ያለው? ሰው ማህደር ሲያፈልስ እኮ ቤቱ ይንጫጫል!»

ሳምራዊት ነገሩን አስረዳቻት፤ ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፦ «አሮጌውን የሚያቆየው ወዝ ብቻ ነው።» ወዝ የሚባለው በሥሩ ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ነው። «አንድ ብርጭቆ አርባ አምስት ደቂቃ ያቆየዋል። የሰፈራችን ሥር ሁሉ ከዚሁ ከአሮጌው የተከፈለ ስለሆነ ይስማማዋል። ግን ወዝ የሰጠ ማህደር ከያዛቸው ቀናት አንዱ ይጠፋበታል። የትኛው ቀን እንደሆነ አይታወቅም።»

«እና ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች ዘሃራ። «ብርጭቆ ስጡኝ።»

«አይሆንም፣ ዘሃራ» አለች እልፍነሽ። « የሠርግሽ ቀን ቢሆንስ?»

«ሠርጌ ሦስት ቀን ነው የተበላው። ሁለቱ ይበቃኛል።»

ወሬው ቤቶቹን በሚያገናኙት ድልድዮች ላይ ሄደ። ሌላው ጎረቤት ጋሽ ዳንጊሶ ወዝ የሞላ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንዳይፈስባቸው እየተጠነቀቁ መጡ።

«ጋሽ ዳንጊሶ፣ እርስዎ ደግሞ ለምን...»

«ዝም በይ። መኩሪያ ይህን ሥር እንደ እንሰት ችግኝ ከፍሎ ሲሰጠኝ ምን ጠየቀኝ? ይልቅ አማቴ ያደሩበትን ቀን ይዞልኝ ቢሄድ ምን ነበረበት!»

ሦስተኛው ጎረቤቷ ሙላቱ ነው። ከእልፍነሽ ጋር በጀልባ ማሰሪያ ቦታ ተጣልተው ሁለት ዓመት ሰላም አልተባባሉም። ብርጭቆውን ደፉ ላይ አስቀመጠ።

«ሳይቀዘቅዝ አፍስሱት» ብሎ ሄደ።

አራተኛውን ብርጭቆ ያመጣችው ራሷ ሳምራዊት ነበረች። ዕቃ ረስቻለሁ ብላ ቤቷ ደርሳ ነው የተመለሰችው። እልፍነሽ አየቻት፤ ብርጭቆውንም ተቀበለቻት።

ዘሃራ ጀርባዋን ሰጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች፤ የመጣውን ሁሉ «ቆይተህ ና» እያለች መለሰች። ውስጥ መኩሪያ ይናገራል።

«ጳጉሜን ሁለት። የበሩ መቀርቀሪያ ተጠግኗል። ምሳ ጎመን ነበር። እልፍነሽ ጨው በዝቷል ብላለች። ያበሰልኩት እኔ ነኝ፣ ትክክል ናት። ለእሷ ግን አልነገርኳትም።»

እልፍነሽ ወደ ሐይቁ ዞራ ሰማች። አንድ ጊዜ ብቻ «አውቄ ነበር» አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሠላሳ ስድስተኛው አለቀ። አሮጌው ሥር ግራጫ ሆነ፤ ቅጠሉም አንድ በአንድ ረገፈ። ሳምራዊት ውጤቱን ተመለከተች።

«ሁሉም ገብተዋል። ቀናቸው ግን ዛሬ ነው የሚለው፤ ሚያዝያ ዐሥራ ሁለት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምን በወጣሽ፣ ልጄ» አለች እልፍነሽ። «ዛሬም የእሱ ቀን ነው።»

በሳምንቱ አራት ዳቦ ጋግራ በየቤቱ አደረሰች፤ ምን እንደጠፋባቸውም ጠየቀች። ዘሃራ ሠርጓ መኖሩን አይታ ሌላውን እንዳልፈለገች ነገረቻት። ሳምራዊት ሳቀች። ጋሽ ዳንጊሶ «የጎደለኝን ባውቀውማ መቼ ጎደለኝ?» አሉ። ሙላቱ ዳቦውን ተቀብሎ ጥቂት ካመነታ በኋላ፣ «ጀልባሽን ከዚህ እሰሪያት፤ እዚያ ነፋስ ይመታታል» አላት።

ወደ ቤቷ ስትመለስ እያሰበች ሄደች። ሰው የሚወደውን ለሌላ ሲሰጥ ታውቃለች። የትኛውን እንደሚሰጥ ሳያውቅ የሚሰጥ ሰው ግን አላየችም ነበር።

ማታ ማህደሩን የማፍለሱን መዝገብ እንዲያነብላት ጠየቀችው። «የጎደለ የለም» አላት።

«ልክ አይደለም፤ አርመው» አለችና የሚጻፈውን ነገረችው። በእልፍነሽ ቤት ሠላሳ ስድስቱም ፋይሎች አሉ። ከዘሃራ፣ ከዳንጊሶ፣ ከሙላቱና ከሳምራዊት ቤት አራት ቀናት የሉም።