ያሰረ እጅ ይፍታ

ትንሹ ሰውመሆን ወረታ ላይ በጤና ጣቢያ አልጋ ጥርሱን እንደነከሰ ሞቷል። ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። በቀርከሃ ስንጥር የታሰረው ግራ እጁ ከክርኑ በታች ከሰል መስሏል።

ምክትል ኢንስፔክተር ራሂማ ጎንበስ ብላ እስሩን አየችው። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ «የራሂማ ዓይን ቁንጫ ወንድ ትሁን ሴት ይለያል» ይባላል። ዛሬ ግን ያ ዓይን ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል። ከሥር የነጠላ ቅዳጅ አለ፤ ከላይ ደግሞ እንደ ብረት የደረቀ የቆዳ ጠፍር።

«ስብራቱ አልገደለውም» አለ ሐኪሙ። «የልጅ አጥንት እርጥብ እንጨት ማለት ነው፤ ቶሎ ይገጥማል። እስሩ ደሙን ከለከለው፣ እጁ ሞተ፣ የሞተው እጅ ሰውነቱን መረዘው።»

«ምልክት አልነበረውም?»

«ነበረው እንጂ! ጣቱ ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል፣ ሲያቃኑለት ይጮኻል። ያኔ ፈተው ቢያመጡት ይድን ነበር።»

ከደጅ የአባቱ የዘመኑ ድምፅ ይሰማል። «ወጌሻው ነው የገደለው! ነገ ልጄን ቀብሬ እሱንም አስከትለዋለሁ!» ዘመዶቹ ዱላ ይዘው ከብበውታል። ራሂማ እስከ ነገ እውነቱን ካላገኘች ሁለተኛ ሬሳ መምጣቱ ነው።

ወጌሻው አባ ውባየሁ ፖሊስ ጣቢያ ተጠልለዋል።

«አባ፣ በምን አሰሩት?»

«በነጠላ ቅዳጅ ነዋ። የናትሽን ቁርጭምጭሚት ያሸሁት እኔ አይደለሁም?»

«እናቴ እስከ ዛሬ ታነክሳለች።»

«እንግዲህ ቶሎ ተነስታ ገበያ ብትሄድ እኔ ምን ላድርግ!» ጋቢያቸውን ሰበሰቡና ቀጠሉ። «እኔ ሳልመጣ ማንም እንዳይፈታው ብዬ ነበር። ደንብ ነው፤ ያሰረ እጅ ይፍታ።»

ራሂማ ሩዙ የታጨደበትን የፎገራን ሜዳ አቋርጣ ከዘመኑ ቤት ደረሰች። ግድግዳው ሥር ቀንበር ተደግፏል። ቀንበሩን ከሞፈር የሚያስረው የቆዳ ምራን የነበረበት ቦታ በናይለን ገመድ ታስሯል። አየችና አለፈች።

እናትየው ድንቅነሽ ለሐዘን ፀጉሯን ተላጭታ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ፍል ውኃው ይጠግነዋል ብለን ወንዛዬ ወሰድነው» አለች። «ሲመለስ ‹እማ ፍቺልኝ፣ እማ ፍቺልኝ›...»

«እቴ፣ ለምን አልፈታሽለትም?»

«ሌላ እጅ ከነካው ይጣመማል ይላሉ። ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ያመመው አጥንቱ ሲገጥም ነው አለኝ።»

በማግስቱ ከቀብር መልስ ሁሉም የሐዘኑ ድንኳን ሥር ተሰበሰበ። አባ ውባየሁ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆመዋል። ራሂማ ግራ እጇን በሻሿ ሸፍናለች።

«አባ ያሰሩት በጨርቅ ነው፤ ጨርቁ ከሥር አለ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ውስጥ ጨርቁ ራሰና ላላ። ቤት ሲመለሱ አንድ ሰው ጨርቁ እንዳይፈታ ብሎ ከላይ ጠፍር ደረበ። ጠፍሩ የቀንበር ምራን ነው፤ የዚህ ቤት ቀንበር ምራን የለውም። አያ ዘመኑ፣ ውሸት ነው?»

ዘመኑ ዱላውን ጨበጠ። «ላላ አድርጌ ነው ያሰርኩት! ጣቴ እስኪገባ! ልጄን እኔ እገድላለሁ?»

«አትገድልም። ግን ከራሰው ጨርቅ ምራኑም ርሶ ነበር።» ሻሿን ገለጠች። ትንሿ ጣቷ በጠፍር ታስራ ጠቁራለች። «ይህን ጠፍር ጠዋት ከውኃ አውጥቼ ላላ አድርጌ አሰርኩት። ፀሐይ ሲመታው ተኮማተረ። በሬ ጠማጅ ነህ፤ እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ እንደሚያጠብቅ ከኔ በላይ ታውቃለህ። ግን በእንጨት ላይ ነው የምታውቀው፤ በልጅ ሥጋ ላይ አይደለም።»

አባ ውባየሁ «አትፍቱ ያልኩትስ እኔ» ብለው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ራሂማ ካቴናዋን ዳሰሰችና ተወችው። የትኛውን እጅ ትሰር? ጣቷን ወደ ዘመኑ ዘረጋች። «ፍታልኝ። አመመኝ።»

ዘመኑ ዱላውን ጥሎ ቋጠሮውን ያዘ። ጥፍሩ ተሰበረ፤ አልፈታ አለው።

ድንቅነሽ ፀጉሯን የተላጨችበትን ምላጭ ይዛ ተነሳች። ከጠፍሩ ሥር አስገብታ ሳብ አደረገችው። ጠፍሩ መሬት ወደቀ። የራሂማ ጣት ቀስ እያለ ቀላ።

ድንቅነሽ ደሙ ሲመለስ ዓይኗን ሳትነቅል አየች።

«ይኸው ነው?» አለች። «ይህን ያህል ብቻ ነበር?»