ኮድ የሌላት ዓሣ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አራት መቶው ዓሣ ቻርጅ ጠግቦ አባይ ውስጥ ተለቀቀ። ተመልካቹ አጨበጨበ፤ የተወዳዳሪዎቹ ጀልባዎችም ሞተራቸውን አስነስተው ወንዙን ሽቅብ ተሯሯጡ።

ሕዝቡ እነዚህን ዓሦች «ሞተሬ» ይላቸዋል። ቆዳቸው ሲሊኮን፣ ጉልበታቸው ባትሪ ነው፤ ስንጥባቸው ሥር ደግሞ የታተመ ኮድ አላቸው። እውነተኛው ዓሣ ከወንዙ ከጠፋ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ሰው ግን ማጥመዱን አልተወም። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ የሰው ልጅ በገዛ እጁ ያጠፋውን ነገር ማሳደድ ይወዳል።

ሉባባ እንድሪስ የውድድሩ ዳኛ ናት። ሥራዋ ቀላል ይመስላል። ተወዳዳሪው የያዘውን ሞተሬ ተቀብላ በፎጣ ታደርቀዋለች፣ ሙቅ አየር ትነፋበታለች፣ ከዚያ «አንባቢ» በሚሉት ጠፍጣፋ ማሽን ላይ ታጋድመዋለች። አንባቢው እርጥበት አይወድም። ኮዱን ካገኘ ይጮኻል፣ ነጥብም ይሰጣል። ካላገኘ ደግሞ ዳኛዋ እያደረቀች ሦስት ጊዜ መሞከር አለባት፤ ደንቡ ነው።

ዘንድሮ ግን ልቧ ሰላም አልነበረውም። አምና አባቷ ሁለት ሞተሬ ይዞ ሲመጣ «ለአባቷ አደላች» ተብሎ ከተማው ሙሉ ወሬ ሆነ። ነጭ ውሸት ነው። ቢሆንስ፣ የሰው አፍ በምን ይዘጋል? «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ነገር ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ዓመቱን ሙሉ ሲቆረቁራት ከረመ። ዋና ዳኛው አቶ ምንተስኖትም ጠዋት ጠጋ ብለው፣ «ሉባባ፣ ዛሬ አንዲት ስህተት ብትገኝ ላድንሽ አልችልም» ብለዋታል።

አባቷ እንድሪስ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። እውነተኛ ዓሣ አጥምደው ልጅ ካሳደጉት ሰዎች በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ባሸበረቀ ሹራብና በፈጣን ጀልባ ሲመጡ እሱ በየዓመቱ በአሮጌ ጀልባው እየቀዘፈ ይመጣል። ሰው ይወደዋል፣ ይስቅበታልም። ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም «ዓሣው አልጠፋም፣ ሸሽቶ ነው» ማለቱን አልተወማ! ሉባባ በልጅነቷ ታምነው ነበር። ስታድግ ግን ታፍርበት ጀመር። ከሦስት ዓመት በፊት በእንግዳ ፊት፣ «አባባ በቃህ፣ ዓሣ የለም! መሳቂያ አታድርገን!» አለችው። ከዚያ ወዲህ ለእሷ ስለ ዓሣ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ይኸው ዝምታ በመሀላቸው እንደተኛ አለ።

ሰባት ሰዓት ሊሞላ ሲል እንድሪስ ከወንዙ ወጣ። ዘንጉን ጀልባው ላይ ትቶታል። አፉ ሰፍቶ የተቆረጠ ጀሪካን ውሃ እንደሞላ በሁለት እጁ አቅፎ፣ ልብሱ እየተንጠባጠበ ዳኞቹ ጠረጴዛ ድረስ መጣ።

«ሉባባ» አለ ጀሪካኑን እግሯ ሥር እያስቀመጠ። «እስቲ እይልኝ።»

ጀሪካኑ ውስጥ ክንድ የምታህል ዓሣ ነበረች። ሆዷ ሞልቷል፤ ክንፏ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ።

«እሺ፣ አንተ ከገመዱ ወዲያ ቁም አባባ። ደንቡን ታውቀዋለህ።»

«እዚያው ውሃዋ ውስጥ እያለች እያት። አታውጫት፣ አደራ!»

«ውሃ ውስጥ አይነበብም።»

«ልጄ፣ ይቺ የእነሱ አይደለችም...»

«አባባ! እባክህ ዛሬ እንኳ በሰው ፊት አታዋርደኝ!»

ሁለት አስተናባሪዎች ክንዱን ይዘው፣ «አባት፣ ይምጡ» እያሉ በትሕትና ከገመዱ ጀርባ አቆሙት።

ሉባባ ዓሣዋን አወጣቻት። እጇ ላይ ተሙለጨለጨች። ዘይት የፈሰሰባት መሰላትና በፎጣው ጠበቅ አድርጋ ወለወለቻት። ሙቁን አየር ለቀቀችባት። አንባቢው ላይ አጋደመቻት። ማሽኑ ዝም አለ።

«ዛሬም ለአባቷ ልታበጅለት ነው!» አለ አንዱ ከተመልካቹ መሀል፤ ሰዉ ሳቀ።

እንደገና ወለወለች፣ እንደገና ነፋች። ዓሣዋ ተወራጭታ ጠረጴዛውን በጅራቷ መታችው። «አቤት ሞተር!» ብሎ ሕዝቡ አጨበጨበ። ከገመዱ ወዲያ እንድሪስ «ውሃ! ውሃ ስጧት!» እያለ ይጮኻል። አስተናባሪው የጠማው መስሎት አንድ ጠርሙስ ውሃ አቀበለው።

ሁለተኛውም አልተነበበም። ለሦስተኛ ጊዜ ስታነሳት ሉባባ መዳፏ ሥር አንድ ነገር ተሰማት፤ ትር ትር የሚል ነገር። የሞተር ንዝረት ታውቃለች፤ ይሄ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ገባት። ዋሽታ ምን ትሆናለች፣ በደንብ ገባት። ጀሪካኑ እዚያው እግሯ ሥር ነበር። ውሃው ውስጥ ብትመልሳት ግን ሦስተኛው ሙከራ ሳይደረግ የአባቷን ዓሣ ደበቀች ይባላል። ቀና ስትል አቶ ምንተስኖት ያዩዋታል፤ ሺህ ሰው ያያታል። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለች በሆዷ፤ «ደንቡ ይሙላ፣ ከዚያ እመልሳታለሁ።»

አደረቀቻት። ነፋቻት። አጋደመቻት።

ዓሣዋ አፏን ሁለቴ ከፈተች፤ ከዚያ አልከፈተችም። ከሆዷ ሥር ቢጫ እንቁላል እየተንዠቀዠቀ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ምንድን ነው የሚያፈሰው?» አሉ አቶ ምንተስኖት። ቴክኒሻኑ ሮጦ መጣ። «ባትሪዋ አልቆ ይሆናል» አለና የቻርጅ ገመድ ይዞ የሚሰካበትን ቀዳዳ ፍለጋ ያገላብጣት ገባ። ሉባባ እጁን መታችው።

«ተዋት! ሞታለች!»

«ምን ማለትሽ ነው?» አላት ግራ ገብቶት።

እንድሪስ ገመዱን አልፎ መጣ፤ አሁን የያዘው ሰው አልነበረም። እናቷ ዘምዘምም ከመቀመጫዋ ተነስታ ደረጃውን ስትወርድ ታየች፤ ለቅሶ ቤት እንደምትገባ ሴት አንገቷን ደፍታ። ሉባባ አባቷ እግር ሥር ወደቀች።

«አውቄያት ነበር አባባ! እጄ ላይ አውቄያት ነበር! ሰው ፈርቼ ነው!»

አዛውንቱ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እጁን ራሷ ላይ አደረገ፤ ያለቅሳል።

«አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ» አለ። «መንጠቆውን ነቅዬ ልለቃት ነበር። እጄን ውሃው ውስጥ ከትቼ፣ ከጣቶቼ ልትወጣ ትንሽ ነው የቀራት። ልጄ ሳታምነኝ ልሞት ነው አልኩና መልሼ ያዝኳት። እንድታምኚኝ ብዬ ነው የገደልኳት።»

ዘምዘም ደርሳ በሁለቱ መሀል ተቀመጠች።

በድምፅ ማጉያው የአቶ ምንተስኖት ድምፅ ተሰማ። «ክቡራን ተመልካቾች፣ አንዷ ዓሣ ላይ ቴክኒካዊ ችግር ስላጋጠመ፣ ተጠግና እስክትነሳ ድረስ በትዕግሥት እንድትጠብቁን እንጠይቃለን።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ከመቀመጫው አንድም ሰው አልተነሳም፤ ሁሉም እስክትጠገን ይጠብቅ ጀመር።