በጎኗ የተኛችው ሴት

ሴትዮዋ መዳን ስትችል ሞተች። በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ አልጋዋ ላይ፣ ከልክ በላይ በተሰጣት የእንቅልፍ መድኃኒት።

መርማሪዋ አልጋው አጠገብ ቆማ ሬሳውን ብቻ ታያለች። የሟቿን ግራ ጎን ከስድስት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቶታል፤ እጇም እግሯም አይታዘዝም። አሁን ግን በቀኝ ጎኗ ተኝታ፣ ግራ ጉልበቷ ወደ ፊት ታጥፏል፤ ግራ መዳፏ ጉንጯ ሥር ገብቷል፤ አገጯም ቀና ብሏል።

ፋርማሲስቱ ተጠርቶ መጣ። መድኃኒቱ ማታ ማታ አንድ ፍሬ ነው፤ ቤት ውስጥ እንዳይከማች ብሎ የሚሰጣቸውም የሳምንት የሳምንቱን ነው። ሰኞ ሰባት ፍሬ ሰጠ። ዛሬ ረቡዕ አምስት መቅረት ሲገባው ሁለት ብቻ ተገኘ። በአንድ እጇ ማሸጊያውን መፈልቀቅ አትችልም። ደረቷ ደካማ ስለሆነ ሁለት ፍሬ እንኳ አደገኛ መሆኑን ለወንድሟም ለጎረቤቷም ነግሯቸዋል።

ወንድምየው ሠላሳ ዓመት የመዋኛ ገንዳ ነፍስ አድን ሠራተኛ ነበር። እህቱ ከታመመች ወዲህ ሥራው እሷው ሆናለች። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ገበያ እንደዋለ፣ ዐሥር ሰዓት ሲመለስ ሞታ እንዳገኛትና እንዳልነካት ተናገረ። ምሳዋን ያበላቻት ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ መሆኗንም ሳይጠየቅ ጨመረ። በዚህ ቃል የተነሳ የፖሊስ መኪና ደጅ ቆሞ ልብስ ሰፊዋን ይጠብቃል።

«ሾርባዬ ጨው በዝቶበት ያውቃል እንጂ ሰው ገድሎ አያውቅም» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከሰባት ሰዓት በፊት ወጥታ ነበር። ከሰዓት በኋላ በግድግዳው በኩል ከባድ ማንኮራፋት ሰማች። «እሰይ፣ ዛሬስ ተኛች ብዬ እንዳልቀሰቅሳት የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንኮራፋቱ ድንገት ቀጥ አለ።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ሳሎን ሰብስባ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተንጋለለች።

«ራሴን ስቻለሁ እንበል። እንደ ሟቿ አስተኙኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ክንዷን እንደ ጆንያ ጎተተችው። ፋርማሲስቱ መጽሐፍ ላይ እንዳነበበ እያጉረመረመ በጎኗ አስተኛት፤ አንገቷን ግን ረሳው። ወንድምየው ግድግዳ ተደግፎ አልነካም አለ። መርማሪዋ አገጯን ደረቷ ላይ ጥላ በታፈነ ጉሮሮ ማንኮራፋት ጀመረች። አንዴ፤ ሁለቴ። ወንድምየው ተንበረከከ። አንድ መዳፉ ግንባሯ ላይ፣ ሁለት ጣቶቹ አገጯ ሥር ሆነው ጭንቅላቷን ቀና አደረጉት። እጁ ካፉ ቀደመ።

መርማሪዋ ተነስታ ልብሷን አራገፈች።

«ያ ማንኮራፋት እንቅልፍ አልነበረም። ጉሮሮዋ ተዘግቶ ትንፋሽ ሲያጥራት ነው። ቢቀሰቅሷትም አትነቃም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጎኗ የሚያስተኛት ሰው መጣ፤ መተንፈሻዋ ተከፈተ፤ ማንኮራፋቱም ቆመ። ይህን የሚያውቁ እጆች እዚህ ቤት የእርስዎ ብቻ ናቸው፣ ጋሼ። የመጡት ዘጠኝ ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ምን ሲያደርጉ ነበር?»

ወንድምየው ወለሉ ላይ እንደተንበረከከ ተናዘዘ። ስድስት ዓመት ውሃ ነክቶ አያውቅም። ለሁለት ሰዓት ያህል መዋኘት ፈለገ፤ ብቻዋን ነቅታ እንዳትጣራ ብሎ ሦስት ፍሬ ሰጣት። ሲመለስ ከንፈሯ ጠቁሯል። በጎኗ አስተኛት፤ መድኃኒቱ ቀስ እያለ ይለቃታል ብሎ እጇን ይዞ ተቀመጠ። ትንፋሿ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

«አምቡላንስ ብጠራ፣ ማን ሰጣት ይሉኝ ነበር» አለ።

«ይሉዎት ነበር። እሷ ግን መንገድ ላይ ኦክስጅን ታገኝ ነበር። መድኃኒቱ ከደሟ እስኪወጣ ሆስፒታሉ ይተነፍስላት ነበር። በጎን ማስተኛት እርዳታ እስኪደርስ ነው፣ ጋሼ፤ እርዳታውን ግን አልጠሩም።»

ከደጅ የተጠራው ፖሊስ ልብስ ሰፊዋን ትቶ ወደ ሰውየው ተጠጋ። እሷ ነፃ መሆኗ የገባት አትመስልም፤ ሰውየውን ቁልቁል እያየች ቆመች።

«ግድግዳው ስስ ነው» አለችው። «አንድ ጊዜ ቢያንኳኩልኝ የምሰፋውን ልብስ ይዤ መጥቼ አጠገቧ እሰፋ ነበር። እኔም እኮ ብቻዬን ነው የምውለው።»

«ሐሳቡ አልመጣልኝም» አለ ሰውየው።

ልብስ ሰፊዋ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።